ፊንቄያውያንን በፊልም ለማየት፦ የትኛው ፊልም ለየትኛው ተመልካች?

ስለ ጥንታውያን ፊንቄያውያን የተሠራ ፊልም የሚፈልግ ተመልካች ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው በካርቴጅና በሮም መካከል ስለተደረገው ጦርነት የተሠራ ፊልም ነው። ይህ ሕዝብ የተነሣባቸውና መርከቦቹን የሠራባቸው የሊባኖስና የሶርያ ጠረፍ ከተሞች፣ ማለትም ጢሮስ፣ ሲዶና፣ ጌባልና አራድ፣ በታሪክ ፊልሞች ውስጥ እምብዛም አይታዩም። ከጢሮስ የወጡ ሰፋሪዎች ዛሬ ቱኒዝያ በምንላት አገር የቆረቆሯት ካርቴጅ ግን ከ1914 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ፣ በሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፊልም ላይ ደጋግማ ተገንብታለች፣ ደጋግማም ተቃጥላለች። ፊንቄያውያን በፓፒረስ የጻፉት ከሞላ ጎደል ሁሉም ጠፍቷል፤ ታሪካቸውን ተርከው ያቆዩልን ግሪኮች፣ ሮማውያንና ዕብራውያን ናቸው። ፊልም ሠሪዎችም ታሪኩን የቀዱት ከእነዚሁ፣ በተለይም ከሮማውያኑ ስለሆነ፣ ካሜራው ብዙ ጊዜ የሚቆመው ከሮም ወገን ነው።

ስለዚህ ከመምረጥ በፊት ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ፊልሙ ባሕሩንና መርከቡን ምን ያህል በቁም ነገር ይዟቸዋል የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ታሪኩ በማን ዓይን ይታያል የሚለው ነው። የትወናው ጥራት፣ የዝሆኖቹ ብዛትና የጦርነቱ ድምቀት ከእነዚህ በኋላ ሊታዩ ይችላሉ። በእነዚህ ሁለት መለኪያዎች ስመዝናቸው፣ ስለ ባሕረኞቹ ማወቅ የሚሻ ሰው ከዘጋቢ ፊልሞች መጀመር እንዳለበት አምናለሁ። ትልልቆቹ የታሪክ ፊልሞች ስለ ፊንቄያውያን ከሚነግሩን ይልቅ ስለ ራሳቸው ዘመን የሚነግሩን ይበልጣል፤ እንደዚያ ተደርገው ሲታዩ ግን ዋጋቸው ከፍተኛ ነው።

መርከቧን ለይቶ ማወቅ

ትንቢተ ሕዝቅኤልን ምዕራፍ 27 ያነበበ ሰው ለዚህ ምርጫ ጥሩ ዝግጅት አለው። ነቢዩ ጢሮስን በመርከብ መስሎ ሙሾ ሲያወጣላት፣ ደቀሏ ከሊባኖስ ዝግባ፣ መቅዘፊያዋ ከባሳን ዛፍ የተሠራ መሆኑን፣ ቀዛፊዎቿ የሲዶናና የአራድ ሰዎች፣ ስብራቷን የሚጠግኑት ደግሞ የጌባል ሽማግሌዎች መሆናቸውን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ከዚህ ክፍል የበለጠ ስለ ፊንቄ መርከብ የሚናገር የታሪክ ፊልም እስካሁን አላየሁም። ከቁፋሮና ከባሕር ፍለጋ የተገኘውም ማስረጃ ሥዕሉን ይሞላልናል። በአሦር ንጉሥ በዳግማዊ ሳርጎን ቤተ መንግሥት ተቀርጾ ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ሙዚየም የሚገኘው የድንጋይ ቅርጽ፣ አፍንጫቸው በፈረስ ራስ ያጌጠ መርከቦች የዝግባ ግንድ ሲያጓጉዙ ያሳያል። የመርከቦቹ ሳንቃዎች ጠርዝ ለጠርዝ የሚጋጠሙ ሲሆን፣ ጠርዙ ተፈልፍሎ ትንሽ የእንጨት ምላስ ይገባበታል፤ ከዚያም ምላሱ እንዳይወጣ በእንጨት ችንካር ይያዛል። ሮማውያን ይህን አሠራር በፊንቄያውያን ስም ይጠሩት ነበር።

በሲሲሊ ጠረፍ በማርሳላ አጠገብ ኦነር ፍሮስት የተባለችው የባሕር አርኪዮሎጂ ባለሙያ ከ1971 ጀምሮ ያስወጣችው የካርቴጅ መርከብ ደግሞ ከሁሉም የላቀ ምስክር ነው። በሳንቃዎቹ ላይ አናጢዎቹ የትኛው እንጨት ከየትኛው እንደሚገጥም ለማወቅ በቀለም የጻፏቸው የፊንቄ ፊደላት ተገኝተዋል። መርከብ እንዲህ በምልክት፣ በየክፍሉ ተዘጋጅቶ ይሠራ ከነበረ፣ ካርቴጅ በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ መርከቦችን ባሕር ላይ ማሰማራት የቻለችበት ምክንያት ይገባናል። ሮማውያንም የመጀመሪያውን ትልቅ የጦር መርከብ ኃይላቸውን የገነቡት አሸዋ ላይ የቀረ አንድ የካርቴጅ መርከብ እንደ አርአያ ወስደው እንደነበር ጳሊብዮስ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ መዝግቧል። ይህ ሁሉ ለፊልም የሚሆን ታሪክ ነው፤ ሆኖም በአብዛኞቹ ልብ ወለድ ፊልሞች ውስጥ መርከብ ገጸ ባሕርያቱን ከአንድ ወደብ ወደ ሌላው ከማሻገር ያለፈ ሥራ የለውም።

ባሕሩን የሚያስቀድሙት

በዚህ ረገድ የመጀመሪያ ምርጫዬ ናሽናል ጂኦግራፊክ በ2004 ያቀረበው «ፊንቄያውያንን ፍለጋ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ነው። የባሕር ጥልቀት ተመራማሪው ሮበርት ባላርድ፣ የዘር ተመራማሪው ስፔንሰር ዌልስና ሊባኖሳዊው ፒየር ዘሉዓ በአንድ ታሪክ ውስጥ ይገናኛሉ። ባላርድ ከአርኪዮሎጂው ሊቅ ከሎውረንስ ስቴገር ጋር በ1999 ከአስቀሎና ጠረፍ ራቅ ብሎ፣ 400 ሜትር በሚያህል ጥልቀት፣ በ8ኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የሰጠሙ ሁለት የፊንቄ የንግድ መርከቦችን መርምሮ ነበር። የመርከቦቹ እንጨት ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፤ የጫኗቸው የወይን ጠጅ እንስራዎች ግን የመርከቡን ቅርጽ እንደያዙ በባሕሩ ወለል ላይ ተደርድረው ተገኝተዋል። ፊንቄያውያን ከጠረፍ ሳይርቁ ብቻ ይጓዙ ነበር የሚለውን የቆየ ግምት ያናወጠው እንዲህ ያለው ማስረጃ ነው፤ የእነዚህን ሰዎች ድፍረት ለመረዳትም ከየትኛውም የተቀናበረ የጦርነት ትዕይንት ይልቅ በጨለማ ውኃ ውስጥ የተኙት እንስራዎች ይበልጣሉ።

የፊልሙ የዘር ጥናት ክፍል ግን ዕድሜው ታይቶበታል። በ2025 «ኔቸር» በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በካርቴጅና በሌሎች የምዕራብ ሜዲትራንያን የፊንቄ ባህል ከተሞች የተቀበሩ ሰዎች ከሊባኖስ ጠረፍ ሕዝብ የወረሱት የዘር ድርሻ እጅግ ጥቂት መሆኑን አሳይቷል። ቋንቋው፣ ሃይማኖቱና የመርከብ ሥራው ከጢሮስ መጥቶ፣ ሕዝቡ ግን ከሲሲሊ፣ ከግሪክ ዓለምና ከሰሜን አፍሪካ የተውጣጣ ነበር ማለት ነው። ተመልካቹ ይህን ይዞ ፊልሙን ቢያይ ምንም አይጎዳበትም፤ እንዲያውም ባህል በደም ብቻ እንደማይተላለፍ ያስተውላል።

ሁለተኛው «ካርቴጅ፦ የሮማውያን እልቂት» የተባለው፣ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ማይልስ በ2004 ለእንግሊዙ ቻናል ፎር ያቀረበው ነው። ከላይ ካነሣኋቸው ሁለት ጥያቄዎች ሁለተኛውን በቅጡ የሚመልሰው ይህ ነው፤ ሮም ካርቴጅን በ146 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ስታወድም ምን እንደጠፋ፣ የአሸናፊዎቹም ትረካ የተሸናፊዎቹን ስም እንዴት እንዳጎደፈ ይጠይቃል። ስለ ጢሮስና ስለ ሲዶና ግን ብዙ አይጠበቅበት። ሂስትሪ ቻናል ተዋናዩን ፒተር ዌለርን አቅራቢ አድርጎ ከሠራው ስለ ግዛቶች የምሕንድስና ጥበብ ከሚናገረው ተከታታይ ውስጥ ስለ ካርቴጅ የተሠራው ክፍል ደግሞ ወደቡን ለማየት ይመረጣል። አፒያን የተባለው ጸሐፊ 220 የጦር መርከቦች ይይዝ እንደነበር የተናገረለት ክብ የጦር ወደብ በኮምፒዩተር ምስል ተሠርቶ ይታያል፤ ቅርጹን በጽሑፍ ብቻ ለመረዳት ስለሚያስቸግር ለተማሪ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ከዘጋቢ ፊልሞቹ ጎን ለጎን፣ ፊሊፕ ቢል የተባለ እንግሊዛዊ የመራውን የ«ፊኒሺያ» መርከብ ጉዞ ምስሎች መፈለግ ተገቢ ነው። መርከቧ በጥንቱ አሠራር በአራድ ደሴት ተገንብታ በ2008 ተነሣች፤ በቀይ ባሕርና በባብ ኤል መንደብ አልፋ አፍሪካን ዞራ በ2010 ተመለሰች። ሄሮዶቱስ እንደጻፈው፣ የግብጹ ፈርዖን ኒካዑ በ600 ዓመት ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት የላካቸው ፊንቄያውያን ከቀይ ባሕር ተነሥተው አፍሪካን በመዞር በሦስተኛው ዓመት በጂብራልታር በኩል ግብጽ ገብተዋል። ሄሮዶቱስ ሊያምን ያልቻለው አንድ ነገር ነበር፤ ወደ ምዕራብ ሲቀዝፉ ፀሐይ በቀኛቸው በኩል እንደነበረች መናገራቸው። ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ለሚጓዝ ሰው ግን ነገሩ ልክ እንደተናገሩት ነው፤ ጉዞው እውነት ሳይሆን አይቀርም ከሚያሰኙት ነገሮችም ዋናው ይኸው ነው። እኛን ይህ ታሪክ በቅርበት ይመለከተናል፤ የመጀመሪያው ጉዞም ሆነ የ«ፊኒሺያ» ጉዞ ያለፈው በቀይ ባሕራችን ጠረፍ አጠገብ ነውና፤ በመጽሐፈ ነገሥት የምናነበው የጢሮሱ ንጉሥ ኪራምም ለሰሎሞን ባሕር የሚያውቁ መርከበኞችን የላከው በዚያው ባሕር ወደ ኦፊር እንዲሄዱ ነበር።

ሦስቱ የጣሊያን ፊልሞች

ከልብ ወለዶቹ መካከል አስቀድሞ መታየት ያለበት ጆቫኒ ፓስትሮኔ በቱሪን ሠርቶ በ1914 ያወጣው ድምፅ አልባው «ካቢሪያ» ነው። ታሪኩ በሁለተኛው የሮምና የካርቴጅ ጦርነት ዘመን ይካሄዳል፤ የኤትና እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ከቤቷ የሸሸች ካቢሪያ የተባለች የሲሲሊ ሕፃን በፊንቄ የባሕር ወንበዴዎች ተይዛ ካርቴጅ ላይ ትሸጣለች፤ ሞሎክ ለተባለው ጣዖትም መሥዋዕት እንድትሆን ትታጫለች። ፓስትሮኔ ካሜራውን በጋሪ ላይ አድርጎ ወደ ትዕይንቱ ውስጥ በቀስታ ያስገባበት መንገድ በኋላ ዘመን ፊልም ሠሪዎች ላይ ጉልህ አሻራ አሳርፏል፤ በመቶ ዓመት ዕድሜው ዛሬም የሚያስደንቅ የግንባታ ትልቅነት አለው። አርኪሜድስ በመስታወት የፀሐይን ብርሃን ሰብስቦ የሮማውያንን መርከቦች ሲያቃጥል የሚታይበት ትዕይንት፣ ታሪካዊነቱ አጠራጣሪ ቢሆንም፣ ከእነዚህ ሁሉ ፊልሞች ውስጥ ባሕርና መርከብ በእውነት የትረካው ማዕከል የሚሆኑበት ብርቅ ጊዜ ነው።

ሆኖም «ካቢሪያ» ፊንቄያውያንን የሚያሳየን እንደ ወንበዴ፣ እንደ ባሪያ ፈንጋይና ሕፃናትን ወደ እሳት እንደሚጥል ሕዝብ ነው። በካርቴጅ የተገኘው የሕፃናት አጽም የያዘ መቃብር ምን እንደነበረ ምሁራን ዛሬም ይከራከሩበታል፤ አንዳንዶቹ የመሥዋዕት ቦታ ነው ሲሉ ሌሎቹ በሕመም የሞቱ ሕፃናት ያረፉበት ነው ይላሉ። ፊልሙ ግን ጥርጣሬ አያውቅም። ይህንም ያለ ምክንያት አላደረገውም፤ ጣሊያን በ1911ና በ1912 ሊቢያን ከቱርክ በጦርነት የወሰደች በመሆኑ፣ ሮም በአፍሪካ ጠረፍ ስታሸንፍ የሚያሳይ ታሪክ በቅኝ ግዛት ስሜት የተሞላውን የዘመኑን ተመልካች ልብ የሚያሞቅ ነበር። የፊልሙ የጽሑፍ መግለጫዎች በወቅቱ ዝነኛ በነበረው ባለቅኔና ብሔርተኛ በገብርኤለ ዳኑንዚዮ ስም መውጣታቸውም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው።

ይህ ስሜት ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ሥራ የሆነው በካርሚኔ ጋሎኔ «ሺፒዮኔ ላፍሪካኖ» ማለትም «አፍሪካዊው ስኪፒዮ» ነው። ኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህን ፊልም እንደ ማንኛውም የጥንት ታሪክ ፊልም ሊያየው አይገባም። የፋሺስት መንግሥት በገንዘቡና በወታደሩ ደግፎ ያሠራው፣ ለዕይታም የበቃው በ1937 ነው፤ በአገራችን አቆጣጠር የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ የተጨፈጨፈበት ዓመት ማለት ነው። በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫልም በሙሶሊኒ ስም የተሰየመውን ዋንጫ ተሸልሟል። የሮማው ጦር መሪ ስኪፒዮ ባሕር ተሻግሮ በአፍሪካ ምድር በዛማ የካርቴጁን ጦር መሪ ሐኒባልን ሲያሸንፍ፣ የዘመኑ ጣሊያናዊ ተመልካች በስኪፒዮ ውስጥ ሙሶሊኒን፣ በዛማ ድል ውስጥም የኢትዮጵያን ወረራ እንዲያይ ነበር የታሰበው፤ ሮማውያን በካናይ በሐኒባል እጅ የደረሰባቸው የጥንቱ ሽንፈትም ለአድዋ ምትክ ሆኖ ቆሟል ብሎ ማንበብ ይቻላል። በፊልሙ መጨረሻ ድል አድራጊው በእርሻው ላይ የስንዴ ፍሬ በእጁ ይዞ ስለሚዘራው ዘር ይናገራል፤ ያ ዘር በማን መሬት ላይ እንዲዘራ ታስቦ እንደነበረ የእኛ አያቶች ያውቁታል።

ታዲያ ይታይ ወይስ ይቅር? የእኔ ምክር ይታይ የሚል ነው፤ ሆኖም ስለ ፊንቄያውያን ለመማር አይሆንም። ካርቴጃውያኑ እዚያ ውስጥ የራሳቸው ሕይወት የላቸውም፤ የመሸነፍ ግዴታ ብቻ ነው ያለባቸው። ስለ ወረራው ዘመን የሚያጠና፣ የሚያስተምር ወይም የሚጽፍ ሰው ግን ጥንታዊ ታሪክ ለዘመናዊ ወረራ እንዴት መሣሪያ እንደሚሆን የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ በቀላሉ አያገኝም።

ይኸው ጋሎኔ በ1960 «ካርታጂኔ ኢን ፊያሜ» («ካርቴጅ በእሳት») የተባለ ሌላ ፊልም ሠርቷል። በኤሚሊዮ ሳልጋሪ ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተ ሲሆን ከተማዋ የጠፋችበትን የሦስተኛውን ጦርነት ዘመን ይተርካል። ጀግናው ሂራም የተባለ ካርቴጃዊ ተዋጊ መሆኑ ሊስተዋል ይገባል፤ ፋሺዝም ከወደቀ በኋላ ያው ዳይሬክተር ለተሸናፊው ወገን ፊት ሰጥቶታል። የባሕር ላይ ውጊያም አለው። ሴራውና ፍቅሩ ከታሪኩ ይልቅ ቦታ ስለያዙ ጥልቀት አይጠበቅበት፤ ቀለሙና እሳቱ ደስ የሚለው ግን ያገኝበታል። ሁለቱን የጋሎኔ ፊልሞች በተከታታይ ማየት አንዱን ብቻ ከማየት እጅግ ይሻላል።

ሐኒባልን ለሚሹ

ፍላጎትዎ ሐኒባል ራሱ ከሆነ፣ ምርጫው ጠባብና ቀላል ነው። ቢቢሲ በ2006 ያቀረበው፣ ሱዳን ውስጥ የተወለደው አሌክሳንደር ሲዲግ ሐኒባልን ሆኖ የተጫወተበት የቴሌቪዥን ፊልም ከሁሉም የተሻለ ነው። ሐኒባል እዚያ ሰው ነው፤ ያስባል፣ ይሳሳታል፣ በካርቴጅ ሸንጎ ድጋፍ ማጣቱም ይታያል። ቪክተር ማቹር የተጫወተበት የ1959ኙ «ሐኒባል» የአልፕስ ተራሮችን መሻገር ያሳያል እንጂ ከዚያ ያለፈ ቁም ነገር የለውም፤ የ1955ቱ የሆሊውድ ሙዚቃዊ «የጁፒተር ውድ» ደግሞ ዝሆኖችን ቀለም ቀብቶ የሚያስጨፍር በመሆኑ በዚህ ንጽጽር ውስጥ ከስሙ በላይ ቦታ አልሰጠውም። ከሁሉም ግን ባሕሩ ጠፍቷል፤ ሐኒባል በእግርና በዝሆን ጣሊያን መግባቱ ራሱ፣ ካርቴጅ በመጀመሪያው ጦርነት የባሕሩን የበላይነት ማጣቷን የሚመሰክር ሆኖ ሳለ ይህን አጥብቆ የሚያስረዳ ልብ ወለድ የለም።

ዴንዘል ዋሺንግተን ሐኒባልን ሆኖ በአንትዋን ፉኳ ዳይሬክተርነት ለኔትፍሊክስ ይሠራል የተባለው ፊልም በ2023 ሲነገር በቱኒዝያ ስለ ሐኒባል የቆዳ ቀለም ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ለሚጠይቅ ሰው፣ የሐኒባል ከተማ በጢሮሳውያን የተመሠረተች፣ በአፍሪካ ምድር የቆመችና ከብዙ ሕዝብ የተዋሐደች መሆኗን ከላይ ያነሣሁት የ2025 ጥናት ስለሚያሳይ፣ ከአንድ ተዋናይ መልክ ይልቅ ፊልሙ ካርቴጅን ራሷን እንዴት እንደሚያያት መጠየቅ የሚሻል ይመስለኛል።

ሲመርጡ የሚያግዙ ጥቂት ነገሮች

ከቤተሰብ ጋር ለማየት ከሆነ የ«ካቢሪያ» የሞሎክ ቤተ መቅደስ ትዕይንት ሕፃናት በእሳት ውስጥ ሲጣሉ ስለሚያሳይ ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። ከዚያ ውጭ ግን ድምፅ አልባነቱ ለእኛ ጥቅም አለው፤ በትዕይንቶቹ መካከል የሚመጡት ጽሑፎች እየታዩ በአማርኛ ጮክ ብለው ቢነበቡ፣ እንግሊዝኛም ሆነ ጣሊያንኛ የማይሰሙ ወላጆች ሳይቸገሩ ይከታተሉታል። ፊልሙ ዕድሜው ስለገፋ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል፤ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ቅጂዎች ስላሉ ግን በ2006 በካን ፌስቲቫል የታየውን የታደሰ ቅጂ የሚያገኝ ሰው እርሱን ይምረጥ። ለትምህርት ቤት ስለ ካርቴጅ ወደብ የሚናገረው ክፍል ይበቃል፤ ለአዋቂ ተመልካች ግን «ፊንቄያውያንን ፍለጋ»ን አስቀድሞ «ካቢሪያ»ን ማስከተል ጥሩ ነው።

ኤልዛቤል የሲዶናውያን ንጉሥ የኤትበኣል ልጅ መሆኗን የሚያውቅ የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ፖሌት ጎዳርድ የተጫወተችበትን የ1953ቱን «የኤልዛቤል ኃጢአት» ሊፈልግ ይችላል፤ ስለ ሲዶና ግን ምንም አይማርበትም። ስለ ካርቴጅ መሥራች ንግሥት ስለ ዲዶ የሚፈልግ ደግሞ ፍራንኮ ሮሲ በ1971 ለጣሊያን ቴሌቪዥን የሠራውን «ኤኔይዴ» ይመልከት፤ አቀራረቡ ረጋ ያለና ክብር የተሞላ ነው፤ ዲዶን የምናያት ግን ጥሏት በሚሄደው በትሮያው ጀግና በኤንያስ ታሪክ ውስጥ ነው። በመጨረሻም «ዘ ፊኒሺያን ስኪም» የተባለው የዌስ አንደርሰን የ2025 ፊልም በፍለጋ ላይ በቶሎ ቢመጣም በ20ኛው መቶ ዘመን ስለሚኖር ባለጸጋ ነጋዴ የሚተርክ በመሆኑ ከጥንታውያኑ ፊንቄያውያን ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው።